በመዥገር ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ የሚያነብ መሣሪያ ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በከብት ጆሮ፣ በጡትና በጭራ ሥር ተጣብቆ ደም እየጠጣ የሚያብጠውን መዥገር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ሰው እንኳ ለበዓል ከተገዛ በግ ላይ መዥገር ሲነቀል አይቶ ይሆናል። ይህ ትንሽ ፍጥረት በሆዱና በምራቁ ውስጥ የሚሸከማቸው ባክቴሪያዎች ግን ለዐይን አይታዩም፤ በማይክሮስኮፕ የታዩ እንደ ሆነም ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ፣ በማየት ብቻ ይህ እገሌ ነው፣ ያ እገሌ ነው ለማለት አይቻልም። ስለዚህ የዘመናችን ተመራማሪዎች የባክቴሪያውን መልክ ከመመልከት አልፈው ዲኤንኤ የሚባለውን የትውልድ ጽሑፉን ያነባሉ። የሚያነቡባቸው መሣሪያዎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በዋጋ፣ በንባባቸው ርዝመትና በስሕተታቸው መጠን ይለያያሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለመዥገር ጥናት የትኛው ይመረጥ የሚለውን ጥያቄ ዛሬ ከእናንተ ጋር ልመረምረው አስቤአለሁ።

ይህ የላቦራቶሪ ሰዎች ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን የሚል አድማጭ አይጠፋም። ነገር ግን የመሣሪያው መግዣ ጥያቄ ከላቦራቶሪው ከወጣ በኋላ በበጀት ክፍል፣ በግዥ ክፍልና በጉምሩክ የሚያልፈው በእናንተው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠያቂው «ዘመናዊ የዲኤንኤ ማንበቢያ» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፣ ፈራሚው «ለየትኛው ጥያቄ?» ብሎ ቢመልስለት መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው። እንዲህ ብሎ ለመጠየቅ ባዮሎጂ መማር አያስፈልግም፤ የአንድ ስም መሳሳት ምን እንደሚያስከትል ማወቅ ይበቃል። ለዚህም ከገዛ አገራችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ ስለማላገኝ ከዚያ እጀምራለሁ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ታይፈስ የሚባለው ተስቦ በቅማል የሚተላለፍ መሆኑን ሻርል ኒኮል በ1909 በቱኒስ ከተማ ካረጋገጡ ወዲህ፣ በየአገሩ የተደረገው ዘመቻ ሁሉ በቅማል ላይ ነበር። ልብስ ይቀቀላል፣ ጠጕር ይላጫል፣ በኋላም የቅማል መድኃኒት ዱቄት ይነፋል። የዘመቻው መሠረት፣ በሽታው ከሰው ወደ ቅማል፣ ከቅማል ወደ ሰው ከመመላለስ በቀር ሌላ መደበቂያ የለውም የሚል እምነት ነበር። በ1955 ግን በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩ ረይስ ጉትፍሮይንድ የተባሉ ተመራማሪ፣ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ የተባለውን የታይፈስ ባክቴሪያ ከኢትዮጵያ የቤት እንስሳት ደምና ከመዥገሮቻቸው አግኝቻለሁ ብለው በአንድ የፈረንሳይኛ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ነገሩ እውነት ከሆነ ውጤቱን አስቡት! በአገሩ ያለውን ቅማል ሁሉ ብናጠፋ እንኳ ታይፈስ በበረታችን ውስጥ ከከብቶቻችን ጋር ሲያድር ይኖራል ማለት ነው። የሕዝብ ጤና ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ከዚህ የሚከብድ ዜና ሊደርሰው አይችልም።

የዚህን ያህል ከባድ ነገር በአንድ ሰው ቃል ብቻ ሊጸና ስለማይችል ሌሎችም ወደ ምርመራው ገቡ። ቪሊ ቡርግዶርፈር የተባሉት ሊቅ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የኢትዮጵያን መዥገሮች ከመረመሩ በኋላ፣ ውጤቱን በ1973 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አወጡ። የታይፈስን ባክቴሪያ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነው፤ አምብልዮማ ቫሪጌተም በሚባለው፣ ወንዱ ጀርባውን በቀለም ባጌጠው የከብት መዥገር ውስጥ፣ ቆዳን የሚያነቁጥ ትኩሳት ከሚያመጡት ሪኬትሲያዎች ወገን የሆነ ባክቴሪያ አገኙ። ዘመዶቹ ታወቁ፤ እርሱ ራሱ ግን ገና ስም አልነበረውም። በ1992 ከዚምባብዌ በተገኘ በሽተኛ ደም ውስጥ ይኸው ባክቴሪያ መኖሩ ተገለጸ፤ በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ ተብሎ ተሰየመ። የሚያመጣው በሽታ የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ይባላል፤ በነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቍስል ይታያል፣ ራስ ያማል፣ ትኩሳት ይነሣል፤ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት ይፈውሰዋል። ከታይፈስ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነው። እንግዲህ በአንድ ዓይነት መዥገር ላይ አንዱ ስም አገር የሚያስጨንቅ፣ ሌላው ስም ሐኪም በክኒን የሚመልሰው ሆኖ ተገኘ።

ከ1955 እስከ 1996 አርባ አንድ ዓመት ነው። ይህን ያህል ጊዜ የፈጀው ሰዎቹ ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም። ሪኬትሲያ በሌላ ፍጥረት ሕዋስ ውስጥ ካልገባ አይኖርም፤ እንደ ሌሎች ባክቴሪያዎች በሳሕን ላይ ምግብ ተዘጋጅቶለት አይበቅልም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሊቃውንት መዥገሩን ፈጭተው በጊኒ ፒግ ይወጉ ነበር፣ ጫጩት በያዘ እንቁላል አስኳል ውስጥ ያሳድጉ ነበር፣ ከዚያም በሽተኛው ወይም እንስሳው ያበጀውን የደም ውኃ ከታወቁ ባክቴሪያዎች ጋር አገናኝተው መመለስ አለመመለሱን ይመለከቱ ነበር። ችግሩ የደም ውኃው ለወንድም የተሰናዳ ሲሆን ለአጎት ልጅም መመለሱ ነው። ቡርግዶርፈር የመዥገሩን እግር ጫፍ ቆርጠው ከሚወጣው ጠብታ ባክቴሪያውን በቀለም አስጊጠው የሚያሳዩበትን ዘዴ አውጥተዋል፤ ይህም ባክቴሪያ መኖሩን ይነግራል እንጂ ማን መሆኑን አይናገርም።

አሁን ወደ ዲኤንኤው እንምጣ። ዲኤንኤ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረዥም ጽሑፍ ነው። የሪኬትሲያ አፍሪኬ ጽሑፍ 1.28 ሚሊዮን ያህል ፊደል ይሆናል። በባክቴሪያዎች ሁሉ ዘንድ የሚገኝ፣ 1,500 ያህል ፊደል ያለው አንድ ምዕራፍ አለ፤ ስሙ 16 ኤስ ይባላል። ሁሉም ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚሠራበትን ዕቃ የሚያበጀው ከዚህ ስለ ሆነ ከምዕራፉ የሚበዛው ክፍል በሁሉም ዘንድ ከሞላ ጐደል አልተለወጠም፤ በመካከሉ ግን ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚለዋወጡ ዘጠኝ ቦታዎች አሉ። እነዚያን ቦታዎች ያነበበ ሰው የባክቴሪያውን ወገን ያውቃል። የመዥገር ባክቴሪያ ጥናት ዛሬ በብዛት የሚካሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ነገር ግን ከመሣሪያዎቹ መካከል በብዛት የሚሠራበት፣ ኢሉሚና የተባለው ኩባንያ ያወጣው ዓይነት፣ አጫጭር ንባብ ያነባል። ማይሴክ የሚባለው ሞዴል ከአንዱ ጫፍ 300፣ ከሌላው ጫፍ 300 ፊደል አንብቦ ሁለቱን ያጋጥማል። ስለዚህ ከዘጠኙ ቦታዎች አንዱን ወይም ሁለቱን እንጂ ሁሉንም አያደርስም። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በእኛ አገር ስም አወጣጥ ላስረዳ። አንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ሲያስገባ የአባቱን ስም ብቻ ጽፎ የራሱን ስም ቢተወው መዝገብ ቤቱ ምን ያደርጋል? የአቶ ወልደ ማርያም ልጅ መሆኑ ታወቀ፤ ከስድስቱ ልጆች ግን የትኛው ነው? አንዱ የተከበረ ነጋዴ፣ አንዱ በወንጀል የሚፈለግ ሊሆን ይችላል። አጭሩ የ16 ኤስ ንባብ የአባትን ስም ይሰጣል፤ የራስን ስም ብዙውን ጊዜ አይሰጥም።

ይህ በመዥገር ላይ ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። መዥገር ዕድሜውን ሁሉ ደም ብቻ ይመገባል፤ ደም ደግሞ ቢ በሚባሉት ቫይታሚኖች ድኻ ነው። ስለዚህ ብዙ ዓይነት መዥገሮች እነዚህን ቫይታሚኖች የሚያዘጋጁላቸው ባክቴሪያዎች በሰውነታቸው ውስጥ ያኖራሉ፤ ከእናት ወደ ልጅም በእንቁላል በኩል ያወርሱአቸዋል። ከእነዚህ ቤተኞች አንዳንዶቹ የክፉ በሽታ አምጪዎች የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ኮክሲየላ የሚባለው ወገን አንዱ ልጁ ኮክሲየላ በርኔቲ ሲሆን፣ ከብትን የሚያስጨነግፍ፣ ሰውንም ኪው ፊቨር በሚባል ትኩሳት የሚይዝ ነው፤ ሌሎቹ ግን በመዥገር ሆድ ውስጥ ተቀምጠው ቫይታሚን የሚሠሩ፣ ለመዥገሩ እንደ ወጥ ቤት ሠራተኛ የሚያገለግሉ ናቸው። ፍራንሲሰላ በሚባለው ወገን ዘንድም እንዲሁ ነው። እንግዲህ አንድ ሪፖርት «ከተመረመሩት መዥገሮች በአብዛኛው ኮክሲየላ ተገኝቶአል» ብሎ ወደ ግብርና መሥሪያ ቤት ቢደርስ፣ ያነበበው ሹም ስለ ኪው ፊቨር ሰርኩላር ያስተላልፋል፣ የወተት ላሞች ይመረመራሉ፣ ገበሬው ይደነግጣል፤ የተገኘው ግን ወጥ ቤቷ ብቻ ልትሆን ትችላለች። መሣሪያው አልዋሸም፤ ያነበበው የአባትን ስም ነው። ያጠፋው የራስን ስም ከልቡ የጨመረው አንባቢ ነው።

የሪኬትሲያ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የሪኬትሲያ ዝርያዎች 16 ኤስ ምዕራፍ እርስ በርሱ ከመቶ 97 እጅ በላይ አንድ ነው፤ የቅርብ ዘመዳሞቹማ የሚለያዩት በጥቂት ፊደላት ብቻ ነው። ስለዚህ ምዕራፉን ከራስ እስከ ግርጌ ያነበበ ረዥም ንባብ እንኳ ሪኬትሲያ አፍሪኬን ከሜዲትራንያኑ ዘመዱ ከሪኬትሲያ ኮኖሪ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ለዚህ ሥራ ግልት-ኤ፣ ኦምፕ-ኤና ኦምፕ-ቢ የሚባሉት ሌሎች ምዕራፎች መነበብ አለባቸው። እንግዲህ «16 ኤስን እናነባለን» የሚል ዕቅድ ይዞ «የሪኬትሲያን ዝርያ እናውቃለን» የሚል ተስፋ የሚሰጥ ማመልከቻ የደረሰው ሰው፣ ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች አብረው እንደማይሄዱ ማስታወስ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን አሮጌው ዘዴ መናቁ ነው። ፍሬድሪክ ሳንገር በ1977 ያወጡት፣ በ1980ም የኖቤልን ሽልማት ለሁለተኛ ጊዜ ያስገኘላቸው የንባብ ዘዴ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቍራጭ ብቻ፣ እስከ 800 ፊደል ድረስና ከዚያም ጥቂት አልፎ፣ እጅግ በጠራ ሁኔታ ያነባል። ጥያቄው «በዚህ መዥገር ውስጥ ሪኬትሲያ አፍሪኬ አለ ወይ?» የሚል ከሆነ፣ ኦምፕ-ኤን በፒሲአር አባዝቶ በሳንገር ማንበብ በቂ ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። በ2013 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከከብቶች በተለቀሙ መዥገሮች ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቀ የቦረልያ ዝርያ መገኘቱ የተገለጸው፣ የተመረጡ ምዕራፎችን አባዝቶ በማንበብ ነው። የሳንገር ዘዴ ጕድለቱ ሁለት ነው። የማትጠረጥረውን አይፈልግልህም፤ አንተ በጠራኸው ስም ብቻ ይፈልጋል። ሁለት ዝርያዎች በአንድ መዥገር ውስጥ ተደባልቀው ከተገኙም ሁለቱ ንባቦች እላይ በላይ ተጽፈው የማይነበቡ ይሆናሉ። የማናውቀውን ለመፈለግ፣ ወይም የብዙ መቶ መዥገሮችን ነዋሪዎች ባንድነት ለመቍጠር፣ ኢሉሚና ይበልጣል፤ ብዙ ናሙና ተከማችቶ ባንድ ጊዜ ሲነበብ የእያንዳንዱ ዋጋ ይወርዳል። ጥቂት ናሙና ብቻ ላለው ግን ሙሉ አውቶቡስ ለሦስት መንገደኛ እንደ መከራየት ነው።

ረዥም ከሚያነቡት አንዱ ፓሲፊክ ባዮሳይንስስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ነው። አንዱን ቍራጭ እንደ ቀለበት አዙሮ ደጋግሞ ስለሚያነበው፣ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ፊደላትን ከመቶ 99.9 በሚደርስ ትክክለኛነት ይሰጣል። ስለ እርሱ ብዙ አልናገርም፤ መሣሪያው ትልቅና ውድ ስለ ሆነ ብዙ ላቦራቶሪዎች ናሙናቸውን ወደ ውጭ አገር ልከው ያስነብባሉ። በዚያ ጊዜ በ1998 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የዘረ መል ሀብት ከአገር የሚወጣበትን ሥርዓት የሚወስን መሆኑን መርሳት አይገባም፤ የፈቃዱን ወረቀት ከናሙናው በኋላ የሚፈልግ ሰው ናሙናው በመንገድ ላይ ይቀልጥበታል።

ሌላው የብዙ ሰው ልብ የተሰቀለበት ኦክስፎርድ ናኖፖር ነው። ሚናየን የሚባለው ትንሹ መሣሪያ በ2014 ለተመራማሪዎች መሰጠት ጀመረ። ክብደቱ 100 ግራም ያህል ነው፤ በኪስ ይገባል፤ ከኮምፒዩተር ጋር በሽቦ ይያያዛል። የዲኤንኤው ክር በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ሲያልፍ የኤሌክትሪኩ ፍሰት እንደ ፊደሉ ዓይነት ይለዋወጣል፤ መሣሪያው ያንን ለውጥ ወደ ፊደል ይመልሳል። በ2015 በጊኒ የኤቦላ ወረርሽኝ ጊዜ ተመራማሪዎች ይህንኑ በተራ የመንገደኛ ሻንጣ ጭነው ሄደው የቫይረሱን ዘር በቦታው አንብበዋል። በክፍለ ሀገር ላለ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይህ ታላቅ ተስፋ ነው።

የንባቡ ጥራት ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። መሣሪያው ሲጀምር ከመቶ ፊደል ከአሥር የሚበልጠውን ይሳሳት ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በወጡት ቀዳዳዎች ስሕተቱ ወደ መቶ አንድ ወርዶአል። መቶ አንድ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 1,500 ፊደል ባለው ምዕራፍ ላይ 15 ስሕተት ማለት ነው፤ የምንፈልጋቸው ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ከዚያ ባነሱ ፊደላት የሚለያዩ ናቸው። መድኃኒቱን በመሥሪያ ቤታችሁ ታውቁታላችሁ። አንድን ደብዳቤ አንድ ጸሐፊ ሲገለብጠው ቢሳሳት የትኛው ቃል እንደ ተሳሳተ አይታወቅም፤ ሠላሳ ጸሐፊዎች ቢገለብጡትና ግልባጮቹን ጐን ለጐን ብናስቀምጣቸው ግን፣ ስሕተቱ በየቦታው የተለያየ ስለሚሆን ዋናው ደብዳቤ ተለይቶ ይወጣል። ስለዚህ በናኖፖር የሚሠራ ሰው አንዱን ንባብ አምኖ ስም መስጠት የለበትም፤ ብዙዎቹን አስታርቆ ነው። አንድ ፊደል ተከታትሎ ሲደጋገም ግን ሠላሳውም ጸሐፊዎች በአንድ ቦታ የሚሳሳቱበት ጊዜ አለ፤ ይህን ብዛት አያርመውም።

ስለ ዋጋውም ቢሆን አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚናየን መግቢያ ዋጋ 1,000 የአሜሪካ ዶላር ያህል ስለ ነበር ርካሽ መሣሪያ የሚል ስም አገኘ። ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ያሉበት ሣጥን የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፣ ጊዜውም የሚቈጠረው በወር ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ጨረታ ወጥቶ፣ ውጭ ምንዛሪ ተጠብቆ፣ በመጨረሻም በመጋዘን ውስጥ በሙቀት ሲከርም፣ ላቦራቶሪው የሚረከበው የሞተ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ርካሽነቱና ውድነቱ የሚወሰነው በፋብሪካው ብቻ ሳይሆን በእኛው ፋይል አካሄድ ፍጥነትም ነው።

ምዕራፎችን ከመምረጥ ይልቅ በመዥገሩ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ሁሉ ለምን አናነብም? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ የመዥገሩ የራሱ ጽሑፍ ነው። የሰሜን አሜሪካው የአጋዘን መዥገር ጽሑፍ ከ2 ቢሊዮን ፊደል በላይ ነው፤ የሪኬትሲያው ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት አለፍ ይላል። አንድ ደረሰኝ ለማግኘት የሚኒስቴሩን መዝገብ ቤት በሙሉ እንደ ማንበብ ነው። መንገድ የለም አልልም፤ ናኖፖር ክሩን ማንበብ ጀምሮ የመዥገሩ መሆኑን ሲያውቅ መልሶ የሚተፋበት ዘዴ አለው፤ የሚፈለጉትን ቍራጮች አስቀድሞ አጥምዶ ማውጣትም ይቻላል። ደክሞ ያገኘው ሰው ደግሞ ሙሉውን ጽሑፍ ያገኛል። ይህ ለቦረልያ ይልቁንም ያስፈልጋል። ቡርግዶርፈር፣ እነዚያው በኢትዮጵያ መዥገር ላይ የሠሩት፣ በ1981 በአሜሪካ መዥገር ውስጥ ያዩት ጠምዛዛ ባክቴሪያ የላይም በሽታ አምጪ ሆኖ ተገኝቶ በ1984 በስማቸው ቦረልያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። ጽሑፉ በ1997 ሲታተም ከዋናው ክር ሌላ ከ17 የማያንሱ ትናንሽ ክሮች እንዳሉት ታወቀ፤ እነዚህም እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ብዙ ዐረፍተ ነገሮች ስላሏቸው፣ በአጭር ንባብ የትኛው ቃል ከየትኛው ክር እንደ ወጣ ለመለየት ያስቸግራል። ለዚህ ረዥሙ ንባብ ምትክ የለውም።

አሁን የምናገረው ከመሣሪያው ምርጫ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በአንድ መዥገር ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ዲኤንኤ፣ ይልቁንም በእጭነቱ ጊዜ፣ እጅግ ጥቂት ነው። ዲኤንኤ ለማውጣት የምንገዛቸው ኬሚካሎች ግን ራሳቸው ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት የባክቴሪያ ዲኤንኤ አለ። በ2014 የታተመ አንድ ዝነኛ ጥናት ናሙናው ጥቂት በሆነ መጠን ውጤቱ የናሙናው ሳይሆን የኬሚካሉ ባክቴሪያ እየሆነ እንደሚሄድ አሳይቶአል። ውድ የሆነው መሣሪያ ከርካሹ የተሻለ አያደርግም፤ ጠርሙሱን በበለጠ ጥራት ያነባል እንጂ። መከላከያው ባዶ ናሙና ነው፤ መዥገር የሌለበት ጠርሙስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከመዥገሮቹ ጋር እኩል ይጓዛል፣ እኩል ይነበባል፤ በእርሱ ውስጥ የተገኘ ስም ሁሉ በመዥገሮቹ ላይም ይጠረጠራል። የመዥገሩ ቆዳም አፈርና የከብት ጠጕር የነካው ነው። በአልኮል ማጠብ ባክቴሪያውን ይገድል ይሆናል፤ ዲኤንኤውን ግን በቆዳው ላይ ይተወዋል፤ በረኪና ግን ዲኤንኤውንም ያፈርሳል። ከየቤቱ የማይጠፋው በረኪና በዚህ ሥራ ከብዙ ውድ ዕቃ በላይ ማገልገሉ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በማመልከቻው ዝርዝር ውስጥ የባዶ ናሙናዎች በጀት ከሌለ፣ መሣሪያው የፈለገውን ያህል የላቀ ቢሆን፣ ወረቀቱን መልሱት።

ከዚህም ጋር ማንኛውም መሣሪያ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ከላም ላይ የተነቀለ መዥገር ሆዱ በላሟ ደም የተሞላ ነው። በደሟ ውስጥ የነበረ ባክቴሪያ በመዥገሩ ንባብ ላይ ይወጣል፤ መዥገሩ ግን ለሌላ እንስሳ ላያስተላልፈው፣ በሆዱም ውስጥ ሊሞት ይችላል። ዲኤንኤ መገኘቱ ተሸካሚነትን አያረጋግጥም። ሣር ላይ ተቀምጦ አሳላፊ ከሚጠብቅ፣ ገና ካልጠገበ መዥገር የተገኘ ንባብ የበለጠ ይመሰክራል። የ1955ቱን ነገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ ተዘግቶአል ለማለት የማልደፍረው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው፤ በ2005 በሜክሲኮ በአምብልዮማ መዥገሮች ውስጥ የታይፈስ ወገን የሆነ ሪኬትሲያ ማግኘታቸውን ተመራማሪዎች አስታውቀዋልና። በኢትዮጵያ መዥገር ላይ ጥያቄውን እንደገና የሚያነሣ ሰው ቢመጣ የሚያስፈልገው መሣሪያ ታላቁ አይደለም፤ የታይፈሱን ባክቴሪያ ከዘመዶቹ የሚለዩትን ምዕራፎች የሚያነብ ሳንገር፣ ብዙ ያልጠገቡ መዥገሮችና ብዙ ባዶ ጠርሙሶች ናቸው። ከዚያ አንድ የተረጋገጠ መዥገር ከተገኘ ሙሉ ጽሑፉን በረዥም ንባብ ማንበብ ተገቢ ይሆናል። የአገሩን የመዥገር ነዋሪዎች ሁሉ ለመቍጠር የታሰበ እንደ ሆነ ደግሞ ኢሉሚናውን በአንድ ማዕከል አስቀምጦ ከየክፍለ ሀገሩ ናሙና መሰብሰብ፣ በየቦታው አንዳንድ መሣሪያ ከመትከል ይሻላል፤ ሪፖርቱም በአባት ስም ላይ መቆም አለበት።

በመጨረሻ ስለ ማስቀመጫው ልናገር። በ1930ዎቹ ዓመታት ፓይፐር የተባሉ ሊቅ በደቡብ አፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳትን መርምረው ከሜዲትራንያኑ በሽታ የተለየ ነው ብለው ነበር፤ የለዩት ባክቴሪያ ግን ሳይቀመጥ ስለ ጠፋ የሚያነጻጽረው ሰው አልተገኘም፤ ሁለቱም በሽታዎች ለብዙ ዓመታት እንደ አንድ ተቈጠሩ። ከኢትዮጵያ መዥገር የወጣው ኢ.ኤስ.ኤፍ.-5 የሚባለው ባክቴሪያ ግን በላቦራቶሪ ተጠብቆ ቈየ፤ የሪኬትሲያ አፍሪኬ ሙሉ ጽሑፍ በ2009 ሲታተም የተነበበው ይኸው ነው። ከመዥገሩ ግማሹ ለንባብ ሲፈጭ ግማሹ በጥልቅ ብርድ ይቀመጥ። የብርድ ሣጥኑም፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቈየው ጄኔሬተርም፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅም ከማንበቢያው መሣሪያ ጋር በአንድ ደብዳቤ ይጠየቁ እንጂ ለሚመጣው ዓመት በጀት አይተላለፉ።

ሰዓቴ ስለ ደረሰ በዚህ አቆማለሁ።